«ለ40 ድርጅት ጻፍኩ፤ መልስ የሰጡኝ ሦስት ናቸው»

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የ26 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በተከራየኋት አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንዲት የኤሌክትሪክ ምድጃ ብቻ የማበስላቸውን ምግቦች እየቀረጽኩ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ጀመርኩ። አሁን 31 ሺህ ተከታይ አለኝ። ብዙዎቹ እንደኔ ብቻቸውን የሚኖሩ ተከራዮች ናቸው፤ ከአረብ አገር የሚጽፉልኝ እህቶችም ጥቂት አይደሉም። ባለፈው ዓመት ለ40 ያህል ድርጅቶች «አብረን እንሥራ» ብዬ በውስጥ መስመር ጻፍኩ። መልስ የሰጡኝ ሦስት ናቸው። ሁለቱ «እናሳውቅሻለን» ብለው ጠፉ፤ አንዱ ለሦስት ቪዲዮ አንድ ካርቶን ዘይት ሰጠኝ። ጓደኞቼ «ፎሎወር ግዢ፤ 100 ሺህ ስትገቢ ራሳቸው ይመጣሉ» ይሉኛል። ቪው ይመጣል ብዬ ዳንስም ሞክሬ ነበር። አንዱን 400 ሺህ ሰው አየው፤ ግን ምንም አላመጣልኝም። እርስዎ በዚህ ሥራ ውስጥ ስለኖሩ ይንገሩኝ፤ ያጠፋሁት ምኑ ላይ ነው?

ባለ አንድ ምድጃዋ፣ ከአዳማ

መልስ፦

እህቴ፣ እንዳንቺ ዓይነቱን መልእክት ሲከፍቱ ከኖሩት ሰዎች አንዷ ነኝ። 11 ዓመት በአንድ የምግብ ማምረቻ የማርኬቲንግ ክፍል ሠርቻለሁ። ሰኞ ጠዋት የድርጅቱን የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ ስከፍት ከቅዳሜ ጀምሮ የተጠራቀመ ሃያ ሠላሳ መልእክት ይጠብቀኝ ነበር። ግማሹ የደንበኛ አቤቱታ ነው። የቀረው «ሰላም፣ ከእናንተ ጋር ኮላብ መሥራት እፈልጋለሁ፣ ይህን ያህል ፎሎወር አለኝ» የሚል ነው። የላኪውን ስም ብትሸፍኚው አንዱን ከአንዱ መለየት አይቻልም። ብዙዎቹን ሳልመልስ ያለፍኳቸው ንቄያቸው አልነበረም፤ ይዤው የምሄድበት ነገር ስላልሰጡኝ ነው።

መልእክትሽን የሚከፍተው ሰው አለቃ አለው። ይህን አንድ ነገር ከያዝሽልኝ ሌላውን ራስሽ ትደርሺበታለሽ። ያ ሰው ሥራሽን ቢወደው እንኳ በራሱ ሥልጣን ብር ማውጣት አይችልም። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቶ «ይችን ልጅ እናሠራት» ማለት አለበት። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ቲክቶክ ከፍቶ የማያውቅ ትልቅ ሰው ሊሆን ይችላል። «ማን ናት? ማን ነው የሚያያት? ምን ልትሠራልን ነው? ስንት ትጠይቃለች? ደረሰኝ አላት?» ብሎ ይጠይቃል። ለ40ዎቹ የላክሽው መልእክት ከነዚህ የመለሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ እሱንም በግማሽ።

አንድ ጊዜ የእንጀራ ቪዲዮ የምትሠራ ልጅ ጻፈችልኝ። እጇ ቀልጣፋ ነው። ሊጡን ምጣዱ ላይ ስታዞረው የሚሰማው ድምፅ ሳይቀር ገብቷል፤ ዓይኑ መውጣት ሲጀምር ስልኳን ዝቅ አድርጋ ታሳያለች። ወደድኳትና ሮጬ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። ቆሞ እስከ መጨረሻው አየውና «ጎበዝ ናት፤ ስንት ትጠይቃለች?» አለኝ። አላውቅም ነበር። «ጠይቂያትና ተመለሽ» አለኝ፤ ስልኩ ጮኸ፤ ወጣሁ። በዚያ ሳምንት የባዛር ዝግጅት ነበረብንና ሳልጠይቃት ቀናት አለፉ፤ ሰኔ ገባ፤ የዓመቱ በጀት ተዘጋ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ግን መልእክቷ ላይ አንድ የዋጋ መስመር ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ እዚያው እንደቆምን ያልቅ ነበር።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። በደብዳቤሽ ውስጥ ከ31 ሺህ ተከታይ የበለጠ ዋጋ ያለው ነገር አለ፤ አንቺ ግን እንደ ዋዛ ነው ያለፍሽው። አንድ ክፍል፣ አንድ ምድጃ። ስንት ሰው እንደዚያ እንደሚኖር አስቢ። አዲስ ተቀጣሪው፣ ከክፍለ ሀገር መጥቶ የተከራየው፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ከጓደኛው ጋር በደባልነት የገባው፣ ሁሉም ማታ ደክሞት ገብቶ በአንዲት ምድጃ ወጥም ሻይም ማፍላት አለበት። ፓስታ የሚያመርት፣ የሽሮ ዱቄት የሚያሽግ፣ ትንንሽ ድስት የሚያስመጣ ነጋዴ ይህን ሰው ቴሌቪዥን ላይ ፈልጎ አያገኘውም። አንቺ ጋ ግን በየማታው ይመጣል። ስለዚህ ራስሽን ስታስተዋውቂ «የምግብ ቪዲዮ እሠራለሁ» አትበይ፤ ያን የሚለው ብዙ ነው። «በአንድ ምድጃ ለሚያበስል ተከራይ እሠራለሁ» በይ።

ዳንሱን እንድትተዪ የምመክርሽም ለዚሁ ነው። 400 ሺህ ሰው አየው ብለሻል፤ ከነዚያ መካከል ሽሮ እንዴት እንደምትሠሪ ሊያይ የተመለሰው ስንቱ ነው? ገጽሽን የሚከፍት የድርጅት ሠራተኛ ከላይ የሚያያቸው ዘጠኝ አሥር ቪዲዮዎችን ነው። ከመካከላቸው ሦስቱ ዳንስ ከሆኑ ለአለቃው ምን ብሎ ሊያስረዳ ነው? መደነስ ደስ ካለሽ ሌላ ገጽ ክፈቺለት።

ፎሎወር መግዛት የሚባለውን ፈጽሞ አታድርጊው። ከሥነ ምግባሩ ባሻገር ወዲያው ይታወቃል። እኛ ገጽ ስንመረምር መጀመሪያ የምናየው ተከታዩን ሳይሆን አስተያየቱን ነበር። 100 ሺህ ተከታይ ያለው ሰው ቪዲዮው ሥር ልብና እሳት ብቻ ተደርድሮ፣ አንድ ሰው እንኳ «ስንት ማንኪያ ነው የጨመርሽው?» ብሎ ያልጠየቀበት ከሆነ ገጹን ዘግተን እንሄዳለን። ያንቺን 31 ሺህ በውሸት 70 ሺህ ካዳፈንሽው እውነተኛው ቁጥርሽም አብሮ ይሞታል፤ የተገዛው ሰው ቪዲዮ አያይም፣ አይጠይቅም።

ከአረብ አገር የሚጽፉልሽን እህቶች ነገር በደንብ ልመልከተው፤ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። ቲክቶክ ተከታዮችሽ በየትኛው አገር እንዳሉ፣ ዕድሜያቸውንና ጾታቸውን የሚያሳይሽ ገጽ አለው። ዛሬውኑ ክፈቺው። ለምሳሌ ከአሥሩ አራቱ ሳዑዲ፣ ኤሜሬትስና ሊባኖስ ሆነው ካገኘሽ፣ አዳማ ላሉ ሱቆች ብቻ ፓስታ የሚያከፋፍል ድርጅት ለነዚያ አራቱ ሊከፍልሽ አይፈልግም፤ እውነቱን ነው። ለባንክ ግን ወርቅ ናቸው። ባንኮቻችን ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ለማግኘት በየበዓሉ ዕጣና ሽልማት የሚያዘጋጁት እነዚያን ሴቶች ለማግኘት ነው። ገንዘብ አስተላላፊዎች አሉ፤ በርበሬና ሽሮ በአውሮፕላን የሚልኩ ዕቃ ላኪዎች አሉ። በአሠሪዋ ቤት ሆና፣ ከሥራ በኋላ የአገሯን ምግብ አንቺን እያየች ለምትሠራ እህት የሚናገር ቪዲዮ ካለሽ፣ ለባንክ የምትልኪው መልእክት ለፓስታ ፋብሪካ ከምትልኪው ፍጹም የተለየ መሆን አለበት። ለ40 ድርጅት አንድ ዓይነት ጽሑፍ መላክ ያልሠራው ለዚህ ነው። አርባውን ተዪና ስምንት ምረጪ፤ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ጻፊ።

አማካይ ተመልካችሽን ስትጽፊ የመጨረሻዎቹን 20 የምግብ ቪዲዮዎች ውሰጂ፣ ከሁሉም በላይ የታዩትን ሁለቱን አውጥተሽ የቀሩትን 18 ተመልካቾች ደምረሽ ለ18 አካፍዪ። የሚወጣው ቁጥር አነስ ይላል፤ ግን የማያሳፍርሽ ቁጥር ነው። ሥራው አልቆ ቪዲዮው ከዚያ በላይ ቢታይ ድርጅቱ ይደሰታል፤ ዳንሱን ደምረሽ ተስፋ ሰጥተሽው ቢያንስ ግን ሁለተኛ አይጠራሽም።

መልእክቱ ይህን ሊመስል ይችላል፤ በራስሽ ቋንቋ አስተካክዪው፦

«ጤና ይስጥልኝ። አዳማ የምኖር የምግብ ቪዲዮ አዘጋጅ ነኝ። የምሠራው በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ምድጃ ለሚያበስሉ ተከራዮች ነው። አንድ ቪዲዮዬን በአማካይ ይህን ያህል ሰው ያየዋል፤ ከነሱ ይህን ያህሉ አዲስ አበባና አዳማ ናቸው። ለዐቢይ ጾም በእናንተ ፓስታ በ30 ደቂቃ የሚደርሱ ሦስት የጾም ምግቦች ሠርቼ፣ በሳምንት አንድ እየለቀቅሁ በሦስት ሳምንት ለመጨረስ አስቤአለሁ። የሦስቱ ዋጋ በጠቅላላ ይህን ያህል ብር ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አለኝ። ባለፈው ወር የሠራሁትን የጾም ፓስታ ቪዲዮ አያይዤአለሁ። ስልኬ ይኸው።»

አየሽ፣ ሰውየው ይህን ሳይነካ ገልብጦ ለአለቃው ሊልከው ይችላል። «አብረን እንሥራ» ስትዪው ግን ሐሳቡን ራሱ እንዲያፈልቅልሽ እየጠየቅሽው ነው፤ እሱ ደግሞ ጊዜ የለውም።

የትም ቢሆን በውስጥ መስመር ብቻ አትወሰኚ። ትልልቅ ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት በማስታወቂያ ድርጅቶች በኩል ስለሆነ ፋብሪካው ባይመልስልሽ የሚያሠራውን የማስታወቂያ ድርጅት ፈልጊ፤ የቀረጻ ኃላፊዎቹ ሁልጊዜ አዲስ ፊት ይፈልጋሉ። መካከለኛ ፋብሪካ ከሆነ ደግሞ ያቺኑ መልእክት በወረቀት አትመሽ፣ ፈርመሽ መዝገብ ቤት አስገቢ። የኋላ ቀር መንገድ ይመስልሻል። ግን መዝገብ ቤት የገባ ወረቀት ቁጥር ይሰጠዋል፣ ወደሚመለከተው ክፍል ይመራል፣ አንድ ሰው ግድ መልስ ይጽፍበታል። የቴሌግራም መልእክት ላይ እንዲህ የሚያስገድድ ነገር የለም።

ጊዜውን ደግሞ ካንቺ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ምክንያቱም ምግብ አብሳይ ነሽ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በነዚያ ቀናት አገሩ ሁሉ ዛሬ ምን ልሥራ እያለ ይጨነቃል፤ ዘይት፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ምስር፣ የቲማቲም ድልህ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ይፈለጋል። ነገር ግን ድርጅቱ የሁዳዴውን ማስታወቂያ የሚወስነው ሁዳዴ ሲገባ አይደለም። የገና በዓል ሳያልፍ፣ በታኅሣሥ ወረቀትሽ ጠረጴዛቸው ላይ መሆን አለበት። ለገና ጾም ከሆነ ጾሙ ኅዳር 15 ስለሚገባ በመስከረም መጨረሻ ጻፊ። ለእንቁጣጣሽ በሰኔ። በጀታቸውን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 የሚቆጥሩ ድርጅቶች ብዙ ስለሆኑ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የመጣ ጥሩ ሐሳብ ግንቦት ላይ ከመጣው ይልቅ ገንዘብ ያገኛል። ያቺ የእንጀራዋ ልጅ ያመለጣት በዚህ ነው።

ስለ ካርቶኑ ዘይት አልቆጣሽም። የመጀመሪያ ሥራ በዕቃ መሥራት ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ለሦስት ቪዲዮ አልነበረም። አንድ ቪዲዮ ስንት እንደሚያስወጣሽ ቁጭ ብለሽ አስበሽው ታውቂያለሽ? ለገበያው፣ ለመብራቱ፣ ለዳታ ጥቅሉ፣ ለቀረጻው ግማሽ ቀን፣ ለኤዲቲንጉ አንድ ምሽት፣ አስተያየት ለመመለስ ሌላ ምሽት። ለጉልበትሽ ቢያንስ አንድ ባለሙያ ቀጥረሽ ብታሠሪ በቀን የምትከፍይውን ያህል አስቢለት። ድምሩ ወለልሽ ነው፤ ከዚያ በታች አትውረጂ። በዕቃ ከሆነም ዕቃው በገበያ ዋጋው ያንን ወለል ይሙላ፣ የቪዲዮውም ብዛት በጽሑፍ ይታሰር።

ሁለት ነገር ደግሞ ከዋጋው ለይተሽ አስከፍዪ፤ ልጆች ሲሸወዱ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። አንደኛው፣ ድርጅቱ ቪዲዮሽን ወስዶ በራሱ ገጽ ወይም በስክሪን ማስታወቂያ ሊጠቀምበት ሲፈልግ ነው። «ለሦስት ወር ይህን ያህል» ብለሽ ለብቻው ጻፊው፤ ካልጻፍሽው ፊትሽ ለዓመታት በነፃ ሲዞር ታያለሽ። ሁለተኛው፣ «ለስድስት ወር የሌላ ዘይት እንዳትሠሪ» የሚል አንቀጽ ነው። ይህ እንጀራሽን የሚዘጋ ቃል ነው፤ ከተስማማሽ ዋጋ ይኑረው። ግማሹን ብር ከቀረጻው በፊት ተቀበዪ። ማስተካከያም ሁለት ጊዜ ብቻ ብለሽ ወስኚ።

ግብሩን እዚህ ላይ በአጭሩ ልንገርሽ። ቲን፣ ማለትም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ከሌለሽ የድርጅቱ ሒሳብ ክፍል ሊከፍልሽ ይቸገራል። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መለያ ቁጥሩን ላላቀረበ ሰው ሲከፈል 30 በመቶ ተቀንሶ እንዲያዝ ደንግጎ ነበር፤ አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ የአሁኑን ልክ ጠይቂ። ብዙ ሒሳብ ሹሞች ከዚህ ጣጣ «ተዋት» ማለትን ይመርጣሉ። እናሳውቅሻለን ብለው ከጠፉት ሁለት ድርጅቶች አንዱ እዚያ ላይ ቆሞ ቢሆን አይገርመኝም። ቲን አውጪ፤ ሥራው ሲደጋገም የንግድ ፈቃዱንም ከወረዳሽ ጠይቂ።

ሥራውን ስታገኚ ከመቅረጽሽ በፊት ክፍልሽን በድርጅቱ ዓይን እይ። አንድ ጊዜ ለእኛ ዘይት የተሠራ ቪዲዮ ደርሶኝ ነበር። ምግቡ ያምራል፣ ልጁም ጥሩ ይናገራል። መስኮቱ ላይ ግን የተፎካካሪያችን ቢጫ ጠርሙስ፣ ግማሹ ተጠቅሞበት፣ ክዳኑ ተከፍቶ ቆሟል። እንደገና ተቀረጸ፤ ልጁ ያን ቀን ከሰረ፤ እኛም ለአንድ ሳምንት ዘገየን።

ድርጅቱ ቪዲዮው ላይ የምትናገሪውን ጽሑፍ ይልክልሻል። «ይህ ዘይት ስኳርና ደም ግፊትን ይከላከላል» የሚል ካለበት አትበይው። አሳሳች ማስታወቂያ በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የተከለከለ ነው፤ ከሕጉም በላይ ግን ያንን ሰምታ መድኃኒቷን የምታቆም እናት ትኖራለች። «ይህን አልልም፤ ሽንኩርቱን ሳያቃጥል በቀስታ ያቁላላል ብል ግን ሠርቼ አይቼዋለሁ» በያቸው። በጨዋነት ከተነገረ የሚቀየም ድርጅት ብዙም አላጋጠመኝም። የቁማር ውርርድ፣ በሳምንት ያከሳል የሚባል ሻይ፣ ሰው እያስገባሽ ብር ታገኚያለሽ የሚል መተግበሪያ ከመጣ ክፍያው የቱንም ያህል ቢሆን እለፊው። ተመልካቾችሽ በወር ደመወዝ የሚኖሩ ተከራዮች ናቸው፤ የሚጎዱት እነሱ ናቸው። የተከፈለሽበትን ቪዲዮም ማስታወቂያ መሆኑን ግለጪ፤ ቲክቶክ ራሱ ለዚህ ምልክት አለው። ስትሸሽጊያቸው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ቪዲዮው ከወጣ በኋላ ብዙዎች ብራቸውን ተቀብለው ይጠፋሉ። አንቺ በሦስተኛው ቀንና በ14ኛው ቀን ስንት ሰው እንዳየው፣ ስንት ሰው እንዳስቀመጠው፣ ምን ምን ብለው እንደጠየቁ ስክሪንሹት አንስተሽ በአንድ ገጽ ላኪላቸው። ያ ገጽ ለሁለተኛው ሥራ አለቃው ፊት ይቀርባል። ባገለገልኩበት ዘመን እንዲህ ዓይነት ገጽ ሳልጠይቃቸው የላኩልኝ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱንም በተከታዩ ዓመት አሠርተናቸዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ሥራ አለሽ። ገጽሽን ፈልጌ አየሁት። የሽሮው ቪዲዮሽ ሥር «ምድጃው የት ይገኛል?» «ስንት ገዛሽው?» «ቶሎ ይግላል ወይ?» የሚል ብዙ ጥያቄ አለ፤ አንቺም ለሁሉም የገዛሽበትን ሱቅ ስም በነፃ መልሰሽላቸዋል። ያ ባለ ሱቅ ለሁለት ዓመት ሳያውቅሽ በአንቺ በኩል ደንበኛ ሲመጣለት ኖሯል። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ቁጠሪ፣ ስክሪንሹት አንሺ፣ በሁለት ገጽ አሳትሚና ይዘሽው ሂጂ። አለቃ የለበትም፤ ባለቤቱ ራሱ ቆሞ ነው የሚሸጠው። ቅዳሜ ደንበኛ ስለሚበዛበት ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት፣ ሱቁን ከፍቶ ሻዩን ሲጠጣ ድረሺ። ዋጋሽን ሳትጽፊ ግን እንዳትሄጂ።